ነፋስ የሌለው ሳምንት

ሐምሌ ገባና ትምህርት ቤቶች ለክረምት ተዘጉ። የፍቼ ሰማይ እንደ ተወለወለ ሳህን ጥርት ብሏል። ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ከዚያ አገር ክረምት የሚባለው ነገር ከቀረ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የዝናብ ድምፅ ለቀቀ። በሐምሌና በነሐሴ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ይለቀቃል። የታሰበው ለልጆች ነው፤ ቃሉ በመጽሐፋቸው ውስጥ ስላለ ድምፁን እንዲያውቁት ነው። ትልቅ ሰው በድምፁ መሐል ሥራውን ይሠራል፤ አቧራውን ይጠርጋል፣ ሌሊቱን ጤዛ ሲያጠምድ ያደረውን መረብ ያጥፋል።

ሶልያናም መረብ እያጠፈች ነበር። ድምፁ ሲጀምር እጇ ቆመ። ባሏ ኪሩቤል በረንዳው ላይ ተቀምጦ በልቡ ቆጠረ። አሥራ አራት ላይ ሲደርስ እጇ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ትናንት አሥራ አንድ ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አላት።

"ምን ሆንኩ?"

"ቆምሽ እኮ።"

"ወገቤን ነው" አለች።

ወገቧ እንዳልሆነ ያውቃል። መለካት እንጀራው ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማዋን የዝናብ መለኪያ ያነበበው እሱ ነው። በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ ጣቢያው ይሄዳል፣ መለኪያውን ከፍቶ ውስጡን ያያል፣ መዝገቡ ላይ ዜሮ ጽፎ ይፈርማል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከዜሮ ሌላ ቁጥር የጻፈው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሦስቱም ካፊያ ነበሩ፤ ልብስ አላራሱም። ያደገው ሰመራ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ነው የቀረው። ስለዚህ ኪሩቤል ሰባ አንድ ዓመት ኖሮ፣ ዝናብ ሲለካ አርጅቶ፣ አንድ ቀን እንኳ በዝናብ በስብሶ አያውቅም።

ሶልያና ታውቃለች። በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። የመጨረሻው ክረምት ሲዘንብ የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበረች፤ ሙሽራነቷ ግን የኪሩቤል አልነበረም። ያፌት የሚባል ባል ነበራት። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ መስከረም ሲጠባ ሞተ። ከእሱ የቀረ ልጅ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ልብስ የለም። የቀረው አንድ ክረምት ነው።

ከሞተ ሰው ጋር ተጣልቶ የሚያሸንፍ የለም። ፎቶ ቢሆን ኪሩቤል ይደብቀው ነበር። ክረምት ግን የት ይደበቃል? ግቢው ውስጥ ውሃ ሲፈስ የአፈሩ ሽታ ይነሳል፤ ያኔ ሶልያና ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗን ጨፍና የምትሄድበት አገር ኪሩቤል ሊከተላት የማይችልበት አገር ነው። በዚህ የተነሳ በአርባ አንድ ዓመት ትዳሩ አንድ ጽኑ ሕግ አውጥቷል፤ በእሱ ግቢ ውሃ መሬት ላይ አይደፋም። ጎረቤት ቆጣቢ ነው ይለዋል።

በዚያ ዘመን ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ ለስምንት ቀን ወደ ዛንዱ ደሴት ይላክ ነበር። ዛንዱ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ናት፤ ዝናብ አልቀረባትም። ባልና ሚስት ሲሆኑ ታናሹ ሰባ እስኪሞላው ይጠብቁና አብረው ይሄዳሉ። መንግሥት "የዝናብ ዕረፍት" ይለዋል። ሕዝቡ "መርጠብ" ይለዋል። ሽማግሌ ከሽማግሌ መንገድ ላይ ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው "ረጠቡ?" ብሎ ነው።

ኪሩቤል አልረጠበም። ተራው ከደረሰ ዓመት አልፎታል። ሳምንት እየመረጠ ነው።

ጎረቤቱ አቤነዘር ግን ባለፈው ጥር ረጥቦ መጥቷል። ከደሴቱ ያመጣውን ቢጫ የዝናብ ካፖርት እስከ ዛሬ ለብሶት ይዞራል። ያን ቀንም በዚያ ፀሐይ እንደ ለበሰው ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለ።

"ጋሼ ኪሩቤል! ገና ሳምንት እየመረጡ ነው?"

"ነገር በጥናት ነው" አለ ኪሩቤል። "አንተስ በጥር ረጥበህ እስከ ሐምሌ አልደረቅክም?"

"አይ ጋሼ! እርስዎ ዝናቡን ለክተው ለክተው በመጨረሻ ለሌላ ሰው ነው የሚያስረክቡት።"

ሶልያና ሳቀች። ኪሩቤል ሳቋን አልወደደውም።

"እስቲ እንደገና ንገረኝ" አለች ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ። "ምን ዓይነት ነበር?"

"ዶፍ ነዋ፣ እትዬ ሶልያና! ሰማዩ ተቀደደ እኮ ነው የምልዎት! ዶፍ!"

"ወጨፎስ ነበረው?"

አቤነዘር አፉን ከፍቶ ቆመ። "እ... እሱም አልፎ አልፎ አልጠፋም" አለና የካፖርቱን ቁልፍ መነካካት ጀመረ።

ቃሉን እንደማያውቀው ያስታውቅ ነበር። ኪሩቤልም አያውቀውም። በመዝገቡ ላይ "ካፊያ"፣ "መካከለኛ"፣ "ዶፍ" የሚሉ ሦስት ዓምዶች ነበሩ፤ ወጨፎ የሚል አልነበረም። አርባ አንድ ዓመት አንድ ማዕድ በልተው አንድም ቀን በፊቱ ያላወጣችው ቃል ነው። ከሌላ ሰው ጋር የነበራት ቃል ነው።

ያን ዕለት ወሰነ። የሚሄደው ለመርጠብ ብቻ አይደለም። አንድ ዝናብ የራሱ ሊያደርግ ነው። ከደሴቱ ሲመለሱ፣ በዘጠኝ ሰዓት ድምፅ ማጉያው ሲለቀቅ፣ የሶልያና እጅ በእሱ ዝናብ እንዲቆም ነው።

"የምንሄደው በጥር ነው" አላት ማታ እራት ላይ። "ደሴቱ ላይ ክረምቱ ጥር ነው።"

"ጥር ላይ የሚዘንብ ክረምት ይባላል እንዴ? ክረምት ሐምሌ ነው።"

"ያ ያንቺ ነው" አለ ኪሩቤል። "የእኔ ጥር ይሁን።"

ሶልያና ቀና ብላ አየችውና ጎረሰች።

የዝናብ ዕረፍት ቢሮ የነበረው አሮጌው የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ስምንት ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዘነበወርቅ ትባላለች። በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ ሁሉ ስሙ ዘነበ፣ ደመና፣ ጠል ነው፤ ወላጅ ያላየውን በልጁ ይጠራል።

"አባባ፣ ወሰኑ?" አለችው።

"ቅጹ ላይ፣ የዝናቡ ዓይነት በሚለው ሥር፣ ወጨፎ የሚል አለ?"

"ምን አሉኝ?"

"ወጨፎ።"

ልጅቱ ሰሌዳዋን ነካካች። "ካፊያ፣ መካከለኛ፣ ዶፍ ነው ያለው። ምን ማለት ነው እሱ?"

ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ዝናብ የፈረመ እጁን ከመስኮቱ ላይ አነሳ። "ጠይቄ እመጣለሁ" አለ።

"ወጨፎን የማያውቅ ሽማግሌ ደግሞ ምን ሊረጥብ ይሄዳል!" አለ ከኋላው ያለው ሰውዬ። ሰልፉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ቃሉን ስንቱ እንደሚያውቀው አልታወቀም።

ቤት ሲደርስ ሶልያናን ጠየቃት። እሷ በቃል አልመለሰችለትም። እጁን ይዛ በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ጣሪያው ሥር አቆመችውና አጠገቡ ቆመች።

"ዝናብ ዝም ብሎ ሲወርድ እዚህ ከቆምክ አያገኝህም" አለች። "ነፋስ ሲገፋው ግን በጎን ይገባል። ተጠለልኩ ስትል ይመታሃል። ጣሪያ አያግደውም። እሱ ነው ወጨፎ።"

"መትቶሻል?"

"መትቶኛል እንጂ። ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ነበርን። ግራ ጎኔ ጠብ እስኪል ራሰ።"

'ነበርን' ያለችውን ሰማ።

"ቀኝሽስ?"

"ቀኜ ደረቅ ነበር።"

"ለምን?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ኪሩቤል?"

"ማን ጋርዶሽ ነው?"

"ማንም አልጋረደኝም" አለች። ወደ መረቧ ተመለሰች።

ኪሩቤል ጠርዙ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ሒሳቡን ሠራው። የሰው ግማሽ አካል ያለ ምክንያት ደረቅ አይሆንም። ከቀኟ ሰው ነበር፤ ዘንግ ያህል ርቆ የቆመ ሰው ሳይሆን ተለጥፎ የቆመ ሰው። ማንም አልጋረደኝም ማለቷ ደግሞ የባሰ ነው። ሰው የሚደብቀው የሚወደውን ነው። አሁን እሱ የመንግሥት ዕረፍቱን አውጥቶ፣ ባሕር አሻግሯት፣ ያንኑ ወጨፎ ሊያመጣላት ነው፤ እሷ ግራ ጎኗን እያስመታች ቀኟ ላይ ያፌትን ልታቆም ነው። እሱ የት ሊቆም?

በማግስቱ ተመልሶ ቢሮ ሄደ። ዘነበወርቅ የጥርን ሳምንቶች ከነትንበያቸው በሰሌዳው ላይ ዘረጋችለት። ጥር ሰባት የሚጀምረው ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰዓት ዝናብ አለው፤ ነፋሱ ብርቱ። ጥር አሥራ አምስት የሚጀምረው አርባ አራት ሰዓት ዝናብ አለው፤ ነፋሱ ዜሮ።

ዜሮዋን ሲያይ ልቡ ዐረፈ። የሚያውቃት ቁጥር ናት።

"አሥራ አምስትን" አለ።

"ያን ቃል አገኙት አባባ?"

"አያስፈልግም።"

ለሶልያና የነገራት ሌላ ነው። "ነፋስ ያለው ሳምንት ሞልቷል" አላት።

"ሞልቷል?"

"ጢም ብሏል።"

"ከሞላ ምን ይደረጋል" አለች። የመረቡን ጫፍ ዘርግታ ቀዳዳ ትፈልግ ነበር፤ ቀዳዳ ሳታገኝ ብዙ ቆየች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሶልያና ጆሮዋ ስለደከመ ስልኳ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል። ኪሩቤል ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር።

"እማማ ሶልያና ነዎት? ከዝናብ ዕረፍት ቢሮ ነው፤ ዘነበወርቅ እባላለሁ። ሁለቱም ተጓዦች በየራሳቸው ማረጋገጥ ስላለባቸው ነው። ባለቤትዎ ነፋስ የሌለውን ሳምንት መርጠዋል። ነፋስ ያለው ሳምንት ላይ አሁንም ሁለት ቦታ ስላለ እንደ ደንቡ ልጠይቅዎት ግድ ነው። ምርጫው በፈቃድዎ ነው?"

ሶልያና ባሏን አየችው። ባሏ የጫማ ማሰሪያውን ያያል።

"በፈቃዴ ነው፣ የኔ ልጅ" አለች።

"አመሰግናለሁ እማማ። መልካም መርጠብ።"

ስልኩን አስቀመጠችው። ከውጭ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል።

"ሞልቷል አልከኝ።"

ኪሩቤል የጫማውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገ።

"ጢም ብሏል አልከኝ፣ ኪሩቤል።"

"ያንን ሰውዬ እዚያ ድረስ ይዘሽው እንድትሄጂ አልፈለግሁም።"

"የቱን ሰውዬ?"

"ታውቂዋለሽ።"

"ያፌትን?"

ስሙ በዚያ ቤት ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ኪሩቤል ጣሪያው የሚወርድበት መስሎት ነበር። ምንም አልሆነም።

"አንተ ሰውዬ" አለች ሶልያና። "ማንም አልጋረደኝም አላልኩህም? ምን ብዬ ልንገርህ? ትኩሳት ጥሎት ነበር። ጤና ጣቢያ ላደርሰው ስሄድ ወጨፎው መንገድ ላይ ያዘን። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። ግድግዳው ሥር አቆምኩት፤ መቆም ቢያቅተው ቀኜ ላይ ተደገፈ። በነፋሱ በኩል እኔ ቆምኩ። ገላው እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር፤ ቀኜ እንዴት ይርጠብ? አንድ ሰዓት ሙሉ ጋረድኩት። ምንም አልጠቀመውም።"

ኪሩቤል አንዱን ጫማ አስሮ ሌላውን ሳያስር ቀረ። አርባ አንድ ዓመት ሲቀናበት የኖረው ሰውዬ ግድግዳ ተደግፎ የሚንቀጠቀጥ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነበት። ግን ቅናቱ እንዲያው አልለቀቀውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የጋረደችው። እሱን ማንም አንድ ደቂቃ ጋርዶት አያውቅም።

"ታዲያ እንደገና ወጨፎን ምን አስፈለገሽ?" አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

"አሁንማ አንተ አለህ ብዬ ነዋ" አለች። "ያን ጊዜ እኔን የሚጋርድ ሰው ቢኖር እኮ እላለሁ አንዳንዴ። ያንተ ትከሻ ደግሞ እንደ ደጃፍ ነው። በነፋሱ በኩል አንድ ጊዜ ቢቆምልኝ አልኩ። በቃ ይኸው ነው። ለዚህም ዋሸኸኝ።"

ኪሩቤል ጫማውን ሳያስር ተነስቶ ወጣ።

ቢሮው ሲደርስ እስትንፋሱ ተቆራርጧል። ሰልፉን አልፎ ሄደ፤ ሰው ጮኸበት፣ አልሰማም። ዘነበወርቅ ጥያቄውን ሰምታ ሰሌዳዋን ነካካች።

"አሁን ነው የተያዘው አባባ። እማማን ካነጋገርኳቸው ሩብ ሰዓት አይሆነውም። ባልና ሚስት መጥተው ያዙት።"

"እነማን ናቸው?"

"ስም አንናገርም አባባ።"

"በሚመጣው ዓመትስ?"

"እማማ አረጋግጠዋል። አንድ ጊዜ ነው፤ ያውቁታል" አለች። አዘነችለት። "ነፋስ ያለው ጥርም የካቲትም እኮ ጢም ብሏል።"

ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ ላይ ሽማግሌና አሮጊት ጎን ለጎን ሲሄዱ ባየ ቁጥር ቆሞ ፊታቸውን ይመረምር ነበር። የእሱን ነፋስ የያዙት እነዚህ ይሆኑ? አንዱ ሽማግሌ "ምን ነካዎት ወንድሜ?" አለው። ትከሻው ጠባብ ነበር። ይሄ ማንን ይጋርዳል ብሎ ተናደደ።

ለሶልያና "ሞልቷል" አላት። በዚህኛው ጊዜ እውነት ነበር፤ እሷም አልጠየቀችም።

ጥር አሥራ አምስት ዛንዱ ደረሱ። ማረፊያው የቆርቆሮ ክዳን አለው። የደሴቱ ሰዎች ክዳናቸው ሌላ ነው፤ ቆርቆሮው የተመታው የአበሻ ሽማግሌዎች ያለ እሱ ዝናብ ዘንቧል ብለው ስለማያምኑ ነው። በረንዳው ላይ ለእያንዳንዱ ጥንድ የመቆሚያ ምልክት ተሠርቶለታል፤ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው ተራው። ቀይ ልብስ የለበሰ የደሴቱ ተወላጅ ተራ ያስጠብቃል። አማርኛውን የተማረው ከተጓዦቹ ስለሆነ ሁሉንም "አባባ" ይላል፤ ሴቶቹንም ጭምር።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘነበ። ሰሌዳው አልዋሸም። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ዝናቡ እንደ ሸማኔ ድር ቀጥ ብሎ ከሰማይ ወደ መሬት ተዘረጋ። የቆርቆሮው ድምፅ ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጋር ምንም አይመሳሰልም፤ ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው። ከጎናቸው የነበሩት ጥንዶች እየተቃቀፉ አለቀሱ። ኪሩቤል ሳያስበው ዓይኑ መለኪያ ፈለገ።

እሱና ሶልያና ከጣሪያው ሥር ቆመዋል። አንድ ጠብታ አልነካቸውም። ሶልያና እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ታያለች። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ግን ሩቅ ነበረች። ኪሩቤል መቁጠር ጀመረ። ሃምሳ። ሰማንያ። መቶ ሃያ ላይ ቁጥሩን ተወው።

ከምልክቱ ወረደና ወደ ዝናቡ ወጣ።

ውሃው አናቱን ሲመታው ትንፋሹ ተቆረጠ። እንዲህ ከባድ ይሆናል ብሎ አላሰበም። እንዲህ ቀዝቃዛ ይሆናል ብሎም አላሰበም። በማጅራቱ ገብቶ በጀርባው ወረደ። ሁለት እርምጃ ያህል ከፊቷ ርቆ ዞረ፤ ጀርባውን ለዝናቡ፣ ፊቱን ለእሷ ሰጠ። ክንዶቹን ትንሽ ከጎኑ አራቀ።

"አባባ! ግባ! አባባ፣ ጣሪያ ሥር!" ብሎ ጮኸ ቀይ ለባሹ።

"ተወው" አለችው ሶልያና። ከዚያ ወደ ባሏ፣ "ምን እያደረግክ ነው? ኧረ ግባ፣ ትታመማለህ!"

"አልታመምም።"

"ከምን ልትጋርደኝ ነው? ነፋስ የለም እኮ፣ ዝናቡ እኔ ጋ አይደርስም!"

"አውቃለሁ።"

"ጉድ ነው! ሰው ይስቅብሃል!"

ሰው ይስቅ ነበር። ኪሩቤል ከቅንድቡ ላይ ውሃውን ጠረገ። ሶልያና አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች፤ በትከሻው በኩል ወደ ዝናቡ ለማየት ነው። እሱም ወደዚያው አንድ እርምጃ ተራመደ። ወደ ቀኝ አዘነበለች፤ ወደዚያም ተራመደ።

"ምን ታያለሽ?" አላት።

"ዝናቡን ላየው ነበራ!"

"አሁንስ?"

"እንዲህ ጋርደኸኝ ምን አያለሁ?" አለች ሶልያና፤ ሳቋ መጣባት። "አንተን ብቻ ነዋ!"

"ደግ" አለ ኪሩቤል። ከቦታው አልተነቃነቀም።